የአቶ ላዳ አጭር የሕይወት ታሪክ

የመንዝና የግሼ፣ የመርሐ ቤቴም ለቀስተኛ ሆይ! ጉሙ ጣርማበርን ሳይውጠው የሟቹን ታሪክ ላንብብላችሁ።

አቶ ላዳ ከአባታቸው ከጣሊያኑ ፊያት 124፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ሶቪየት፣ ቶሊያቲ በምትባል ከተማ በሚያዝያ 1962 ዓ.ም. ተወለዱ። የከተማዋ ስም ራሱ ከአንድ የጣሊያን ኮሚኒስት መሪ የተወሰደ ነው፤ የአባት ወገን እዚያም አልጠፋም። እናቲቱ ግን “ይህ ልጅ የእኛን ብርድና መንገድ አይችልም” ብላ ከ800 በላይ ነገር ለወጠችባቸው። ቆርቆሮውን አወፈረች፤ የኋላውን የዲስክ ፍሬን በታምቡር ተካች፤ ባትሪ ሲሞት ሞተር በእጅ የሚያስነሣ ብረትም ሰጠቻቸው። የመንዝ እናት ብትሆን ከዚህ በላይ አትጨነቅም።

ለሥራ ሲደርሱ በደርግ ዘመን አገራችን ገቡ፤ ሰማያዊና ነጭ ለብሰው አዲስ አበባ ታክሲ ሆኑ። ቋንቋ አልቸገራቸውም። ጋራዡ ድሮውንም በጣሊያንኛ ነበርና ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ ሲባል አጎቶቻቸው የሚጠሯቸው ይመስላቸው ነበር።

እኔ የማውቃቸው በአጎቴ እጅ ሳሉ ነው። ጋሼ ዓመቱን ሙሉ ኮንትራት ሲሠራ ከርሞ ለገና መሐል ሜዳ ይመጣል። ደብረ ብርሃን ካለፈ በኋላ አየሩ ይሳሳል፤ ካርቡራቶሩ ግን ቤንዚኑን እንደለመደው ይሰፍራል። ከዚያማ ጥቁር ጭስ ነው፣ ሳል ነው። “ላዳ ሰነፈ” እንል ነበር፣ ነውራችን! 3,000 ሜትር ላይ የማያለከልክ የመንዝ በግ ብቻ ነው። እሱም ሲመለሱ ፖርቶ መጋላው ላይ ታስሮ ይጓዛል፤ ከሥሩ አራት ሰው በሚይዘው ሰባታችን ተጠቅጥቀን። የመስኮት ማዞሪያው አንድ ብቻ ስለነበር ጋሼ ኪሱ ውስጥ ያኖረዋል። አየር ያማረው “እስቲ ያቺን ብረት” ይላል፤ ብረቷ ከእጅ ወደ እጅ አልፋ፣ መስኮት ከፍታ፣ ተመልሳ ኪስ ትገባለች።

2004 አልቆ 2005 ሲገባ እናት አገራቸው ይህን ዘር መውለድ አቆመች። እዚህም በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። ሟቹ ሬዲዮናቸው ከተነቀለ ቆይቷልና አልሰሙም። ተተኪያቸው ባለ ኤሌክትሪኩ ነው፤ ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው፣ ጨዋ ነው። ግን ኮፈኑን ከፍተህ በምን ልትመታው ነው? አቶ ላዳ በሽቦና በመዶሻ ይድኑ ነበር፤ እኛ ደግሞ በሕይወት ሳሉ “ቆርቆሮ” እንላቸው ነበር።

አስከሬናቸው አንድ ቦታ አላረፈም። ሞተራቸው ሶማሌ ተራ ወርዷል፤ ኮፈናቸው የአክስቴ በግ ቤት በር ሆኗል።

ከድንኳኑ በስተግራ ያላችሁ ሽማግሌዎች፣ የተቀመጣችሁበት የሟቹ የኋላ መቀመጫ ነው። ባና ደርበንበታል እንጂ መሐሉ ላይ ሞላው ወጥቷል፤ ስትነሡ ቀስ በሉ።