እግሬና የሰቆጣ ሊቃውንት

ሰቆጣ ከተማ ውስጥ በሽታህን የሚነግርህ ሰው ፍለጋ አትደክምም። ቡና ከሚፈላበት ቤት ገብተህ ሱሪህን ወደ ላይ ሰብሰብ ማድረግ ይበቃል። ቶናው ሳይቀዳ የበሽታህ ስም ይታወቃል፣ በረካው ሳይደርስ መድኃኒቱ ይታዘዛል።

ግራ እግሬ ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ ሽፍ ባለ ጊዜ ጉዳዩን ለዚህ ሸንጎ አቀረብኩ። አንዷ ጎረቤታችን ገና ከሩቅ አይተው «ምች ነው፤ ላብህ ሳይደርቅ ወጥተህ ነው» ብለው ዳማከሴ አዘዙ። ሌላው «ችፌ ነው፤ በዘር የመጣ ነው» አለና አያቶቼን ከመቃብር ቀስቅሶ መረመረ። ሦስተኛው አልማዝ ባለጭራ መሆኑን ምሎ ተናገረ፤ ጭራው እግሬን ዞሮ ከራሱ ጋር ከተገናኘ እንደማልተርፍም በትሕትና አስታወቀኝ። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ጭራው የት እንደደረሰ በክር መለካት ጀመርኩ። የሰው ዓይን ነው ያሉም ነበሩ። ይህንን እግር አይቶ የሚቀናው ማን እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። የንስሐ አባቴ ብቻ «ጸበሉንም ተጠመቅ፣ ሐኪምም ጠይቅ» ብለው ሁለቱንም በር ክፍት ተዉልኝ።

ከተከዜ ቆላ ለገበያ የመጣ አንድ ፍየል ነጋዴ ደግሞ እግሬን ትኩር ብሎ አየና «ይኼ ነገር የአበርገሌ ፍየሎቼን ይዟቸው ያውቃል። መርፌ ወግተናቸው ዳኑ» አለ። ሸንጎው ሳቀበት። የሰውን እግር ከፍየል እግር ጋር ማወዳደር ነውር ነዋ!

ሽፍታው ቀን ቀን ጨዋ ነው። ማታ ግን ጋቢው ሞቅ ሲል ይነሳል። ከጎረቤት የተዋስኩት የሚያለዝብ ቅባት መቅላቱን ለጥቂት ቀን ዝም አሰኘውና መልሶ ባሰበት። እንዲህ ያለው ቅባት ቁጣውን ያበርዳል እንጂ ከቆዳው ሥር ያለውን ባለቤቱን አይነካውም።

ነገሩን የፈታችው የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። የመጣችው ስለ መጸዳጃ ቤታችን ልትጠይቅ ነበር፤ እኔ ግን እግሬን ዘረጋሁላት። ዞር ብላም አላየችው።

«እጅዎን ያምጡ፣ ጋሼ።»

«የሚበላኝ እግሬ ነው፣ እህቴ።»

«ገብቶኛል። እጅዎን።»

ወደ በሩ ብርሃን ሳበችኝና ጣቶቼን እየፈለቀቀች መሀል መሀላቸውን አየች። በቀለበትና በትንሿ ጣቴ መካከል እርሳስ በስሱ የጫረው የሚመስል አጭር ጠማማ መስመር ነበር፤ ጫፉ ላይ ለዓይን የሚያስቸግር ነጥብ። ከዚያ ቀና ብላ ከሊቃውንቱ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀች።

«ከቤት ሌላ የሚበላው ማን አለ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ባለቤቴ ጣሪያውን ማየት ጀመረች። አማቴ ነጠላቸውን እስከ አንገታቸው ሳቡ። ይሉኝታ ገና ያልተማረው ትንሹ ልጃችን ግን ሆዱን ገልጦ አሳየ። ከዚያ በኋላ ኑዛዜው ጎረፈ። ባለቤቴ የሳሙናው ነው ብላ፣ አማቴ የቁርበቱ ቁንጫ ነው ብለው፣ ትልቋ ልጄ የጉርምስና ነው ብላ፣ እያንዳንዳችን በየማዕዘናችን ተደብቀን ስናክ ከርመናል። «እከክልኝ ልከክልህ» የሚለው ተረት ባለበት አገር እኛ ቤት መተካከክ እንኳ አልተቻለም።

የያዘን እከክ ነበር። ተባዩ ከግማሽ ሚሊሜትር አይበልጥም። ሴቷ ከላይኛው ቆዳ ሥር ጎሬ ቆፍራ እንቁላሏን ትጥላለች። ማሳከኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተያዘ ሰው የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ፣ ማን እንዳመጣው መርምሮ መድረስ ዘበት ነው። እኛም የመጨረሻውን እንግዳ በሌለበት ከሰን ስናበቃ፣ ጊዜው አልገጥም ብሎ በነጻ አሰናበትነው።

የሚያሳፍርም ነገር አልነበረውም። በ2008 ዓ.ም. የኤልኒኖ ድርቅ ዋግንም ሌላውንም ሲያነድ፣ ውኃ ጠፍቶ ሰው ሲጨናነቅ፣ እከክ እንደ ወረርሽኝ ተነሣ። በአማራ ክልል ድርቅ በመታቸው 68 ወረዳዎች ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰው ሲመረመር 379 ሺህ ያህሉ እከክ ተገኘበት። ከሦስቱ አንዱ ማለት ነው! ሰቆጣ ላይ ተሰብስቦ ምች ነው፣ ዓይን ነው ከሚል ሸንጎ መካከልም ስንቱ በድብቅ ያክ እንደነበር እግዜር ይወቀው።

ያን ወረርሽኝ ለመግታት በተደረገው ዘመቻ ከተሰጡት መድኃኒቶች አንዱ አይቨርሜክቲን ነው። መነሻው ጃፓን ውስጥ ከጎልፍ ሜዳ አጠገብ የተዘገነ አፈር ሲሆን፣ መድኃኒቱን ያገኙት ሳቶሺ ኦሙራና ዊልያም ካምቤል ለኖቤል ሽልማት የተመረጡት በዚያው በ2008 መስከረም ነበር። መጀመሪያ በ1981 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው ግን ለከብት ነው፤ ለሰው የተፈቀደው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። ፍየል ነጋዴው የተሳቀበት እንግዲህ እውነቱን ነበር። ፍየሎቹ ቀድመውን ታክመዋል።

ሕክምናው ራሱ ትንሽ ድራማ አለው። ክኒኑ ለነፍሰ ጡርና ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ሕፃን ስለማይሰጥ ለትንሹ ልጃችን የድኝ ቅባት ታዘዘ። ሽታውን ሲሰማ ያን ሆዱን በመግለጡ ተጸጸተ። ቅባት የሚቀባውም የሚበላበት ቦታ ብቻ አይደለም፤ ከአንገት እስከ እግር ጥፍር ነው፤ ያውም ሁሉም በአንድ ቀን። ጀሪካን ውኃ ተቆጥሮ በሚገባበት ቤት አንሶላና ልብስ ፈልቶ ታጠበ፤ ሊታጠብ ያልቻለው በፌስታል ታስሮ ለቀናት ተቀመጠ። መድኃኒቱ ሠርቶም ማሳከኩ ለጥቂት ሳምንት ይቆያል፤ ያኔ «አልሠራም» ብሎ ወደ ሸንጎው መመለስ አያስፈልግም።

እርስዎም ሌሊት የሚብስ ማሳከክ ከያዘዎት፣ እግርዎን ለቡና ጠጪ ከማሳየትዎ በፊት ቤተሰብዎን ሰብስበው «ማን ይበላዋል?» ብለው ይጠይቁ። ከዚያ ሁላችሁም አንድ ላይ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። አንድ ሰው ብቻ የታከመበት ቤት ተመልሶ ያካል።