ፍሬኑ ይታያል ወይ?

እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር መሮጥ ማንም አላስተማረውም። ባለመንታ ቱርቦው 2.6 ሊትር ሞተር 280 የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ ተጻፈ፤ የጃፓን አምራቾች ከዚያ በላይ ላለመጻፍ ተስማምተው ነበርና። ሞተሩ ግን ስምምነቱ ላይ አልፈረመም። የፊት ፍሬኑ ዲስክ 296 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። ኋላ ኒሳን ራሱ አሰበበትና በ1993ቱ ቪ-ስፔክ በተባለው ዓይነት ላይ የፍሬን አምራቹን የብሬምቦን 324 ሚሊሜትር ዲስክ ገጠመ።

የዛሬው ባለመኪና ታዲያ ከዚህ ሊያንስ ነው? ትልቁ ዲስክ በ16 ኢንች ቸርኬ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ 17 ይገዛል። ቸርኬው ጎማ ይፈልጋል፤ ገንዘቡ ግን ዲስኩን ቆንጥጦ በሚይዘው ካሊፐር ላይ አልቋል፤ ስለዚህ ከገበያው የረከሰውን ጎማ ያስገባል። መኪናን መጨረሻ ላይ የሚያቆመው አስፋልቱን የሚነካው ጎማ መሆኑን ቢነግሩት ቅናት ይመስለዋል።

የፍሬን ዘይቱን መቼ እንደቀየረ ግን አትጠይቁት። ዶት 4 ሲከፈት ከ230 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መፍላት የለበትም፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን እስከ 155 ዝቅ ማለት ተፈቅዶለታል። ዘይቱ ሲፈላ ደግሞ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል፣ ዲስኩ የፈለገውን ያህል ይስፋ። አዲስ ዘይትና ጥሩ ሸራ ብዙውን ችግር ባቃለሉለት ነበር፤ ችግራቸው ከውጭ አለመታየታቸው ነው።

አሁን ሌላ ቸርኬ እያፈላለገ ነው። ያሁኑ ካሊፐሩን ሸፈነበት።