ዛፉን ዋግ አልመታውም

ይድረስ ለውድ እናቴ፤ ደብረ ብርሃን

በሰው የላክናቸው ፎቶዎች ደርሰውሽ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና ላይ እንደመረመራቸው ሰማሁ። የተሰጠው ፍርድ ስላልተዋጠልኝ ይኸው ይግባኝ ብያለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሣሩ። «ይህን ሁሉ ሜዳ ይዞ አንዲት ላም የለውም?» ተብሏል አሉ። እማዬ፣ እዚህ ሣር የሚበቅለው ሊታጨድ፣ የሚታጨደውም ሊጣል ነው። በፌርፋክስ ካውንቲ ደንብ የመኖሪያ ግቢ ሣር ከ12 ኢንች፣ በእኛ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ማደግ የለበትም። ስለዚህ ሙቀቱ ከገባ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ማጨጃ ማሽኑን እየገፋሁ ስመላለስ እውላለሁ። ድርቆሹን ባየሽው ታለቅሺ ነበር።

የሐበሻ ልብስ ለብሰን ከነጩ አበባ ሥር ፎቶ የተነሣነው ዋሽንግተን ነው። ዛፎቹ በ1912 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከቶኪዮ ከተማ በስጦታ የመጡ ናቸው፤ ያኔ 3 ሺህ ያህል ነበሩ። አበባው ደምቆ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ነው፤ ንፋስና ዝናብ ከመጣ ያንንም አይሞላ። ስለዚህ አገሩ ሁሉ በአንድ ቀን ይወጣና መኪና ማቆሚያ ይጠፋል። «ሲስቁ እንዴት ያምራሉ» ያላችሁት ጥርሳችን በብርድ ሲንገጫገጭ ነው። ፍሬው ይበላል ወይ ላልሽው፣ አይበላም። «ያን ሁሉ ዛፍ ተክሎ አንድም የሚቀመስ የለ!» ማለትሽን ለባለቤቴ ነግሬያት እስካሁን ትስቃለች።

ጓሮው ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ክብሬ የተነካው እዚያ ነው። ጎመኑ እስከ ጉልበቴ ደርሶ፣ እኔም መሐሉ እንደ ባላባት ቆሜ ያያችሁት ፎቶ እውነተኛ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ማለዳ አጋዘኖች መጡ። ቅጠል ቅጠሉን ቀነጣጥሰው አገዳውን ብቻ አቆሙልኝ። ገብስ ከጭላዳ ሲጠብቅ ያደገ ሰው ይህን እንዴት ይችላል? ድንጋይ ባነሣ ልጆቹ «አባ፣ ተው! እንዴት ያምራሉ!» ብለው እጄን ያዙኝ፤ ፎቶም አነሷቸው። እናንተ «እንስሳውም ሳይፈራ አብሯቸው ይኖራል» እያላችሁ ያደነቃችሁት ያ አጋዘን የሚያኝከው የኔን ጎመን ነው። ጤና አዳሙን ግን አሽትተው ያልፉታል፤ እሱን ያህል ታማኝ ተክል አላየሁም። በሶብላው ደግሞ የመጀመሪያው ውርጭ ባደረ ማግስት ጠቁሮ ተገኘ። ስለ ውርጭ ለደብረ ብርሃን ሰው አላስረዳም።

«ዛፉን ሁሉ ዋግ መቶታል፣ ወደዚያ አትሂዱ» ብለሽ ያስላክሽው ምክር ደርሶኛል። ያንን ፎቶ የተነሣነው ጥቅምት ላይ ሸናንዶዋ ተራሮች ውስጥ ነው። ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲቃረብ የቅጠሉ አረንጓዴ ቀለም ይሟጠጥና ከሥሩ የነበረው ቢጫ ይወጣል፤ ቀዩም ይከተላል። በተራራው ጫፍ ጫፍ የሚሄደው መንገድ 169 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያንን ቅጠል ለማየት ሰው መኪና ለመኪና ተያይዞ እየተንፏቀቀ ይውላል። እዚያ ሲታይ ውበት ነው፤ እኔ ግቢ ሲረግፍ የሚጠርገው እኔ ነኝ።

ሌላው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። በጥቅምት መጨረሻ እዚህ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመለስ ልዩነታችን ከ7 ወደ 8 ሰዓት ያድጋል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ቡናሽን ጠጥተሽ ስትደውዪ እኛ ጋ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ቤቱ ሁሉ መርዶ መጣ ብሎ ይነሣል። እባክሽ ማታ 2 ሰዓት ላይ ደውዪ፤ ለኛ እኩለ ቀን ይሆናል።

ሽሮውን በሚመጣ ሰው ላኪልን። የጎመን ዘር ግን አትላኪ፤ ያለ ፈቃድ ማስገባት ክልክል ነው፤ ቢገባም የሚበሉት አጋዘኖቹ ናቸው።

ልጅሽ፣ ከቨርጂኒያ