ቁርስ ሲዋኝ

የአክስቴ ልጅ ከሠርጓ በኋላ ከባሏ ጋር ባሊ ሄዳ ነበር። ከዚያ የላከችውን ፎቶ ለእናቷ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ሙሽሮቹ እስከ ደረታቸው መዋኛ ገንዳ ውስጥ ገብተዋል። በመካከላቸው እንደ ሰፌድ የተሰፋ ክብ ትሪ ይንሳፈፋል። ትሪው ላይ እንቁላል፣ ፓፓያ፣ ክሩዋሳን፣ ሁለት ብርጭቆ ጭማቂና የማይበላ ቀይ አበባ ተደርድሯል። አክስቴ መነጽራቸውን አጥልቀው ስልኩን አንዴ አራቁት፣ አንዴ አቀረቡት።

«ምነው ልጄ፣ ቁርሳቸው ውሃ ውስጥ ወደቀባቸው?»

«አልወደቀም እትዬ። እንዲህ ሆኖ ነው የሚቀርበው።»

«ጠረጴዛ የላቸውም?»

«አላቸው።»

«እና?»

ለዚያች «እና» ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ አንብቤ፣ ጠያይቄ አግኝቼዋለሁ። እትዬ፣ በትዕግሥት ይስሙኝ፤ ነገሩ የሥልጣኔ ጉዳይ ነው።

ባሊ የኢንዶኔዥያ ደሴት ናት። ስፋቷ 5,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ነዋሪዋ ከ4 ሚሊዮን ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ከ6 ሚሊዮን በላይ የውጭ አገር እንግዳ ገብቶባታል። ዙሪያዋን ባሕር ነው። ደሴት ካልኩ ይህን መጨመር ባላስፈለገኝ ነበር፤ እንግዶቿ ሳይረሱት አይቀሩም ብዬ ስለምጠረጥር ግን ልድገመው፦ ዙሪያዋን ባሕር ነው። ነጻ ነው፣ ለብ ያለ ነው፣ ማታም አይዘጋም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰው ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ውቅያኖስ ዳር አርፎ፣ ጀርባውን ለውቅያኖስ ሰጥቶ ስምንት ሜትር በአራት ሜትር የሆነች ገንዳ ውስጥ ይገባል።

አይፈረድበትም። ባሕር ብዙ ጉድለት አለበት። ጨው አለው፣ ማዕበል አለው፣ በዝናብ ወራት ደግሞ ወንዞቹ ያወረዱት ፕላስቲክ ኩታ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ይከመራል (ከክምሩ ውስጥ የእንግዳው የውሃ ጠርሙስ ስንት እንደሆነ መጠየቅ ነውር ነው)። የባሕር ዋና ጉድለቱ ግን ሌላ ነው፤ የጋራ ነው። የአገሬው ሕፃን ይንቦጫረቅበታል፣ ዓሣ አጥማጅ ጀልባውን ይገፋበታል፣ ሴቶች የመሥዋዕት አበባ ይዘው ይመጡበታል። ከሕዝብ ጋር ለመታጠብማ ማን ይህን ያህል ይበራል?

ስለዚህ የግል ገንዳ ያለው ቪላ ተፈለሰፈ። በሰሚንያክ፣ በቻንጉ፣ በኡሉዋቱ፣ በኡቡድ እንደ እንጉዳይ ፈልቷል። ሒሳቡን ለእርስዎ በሚገባዎት መስፈሪያ ልሥራው። ገንዳው ስምንት ሜትር ርዝመት፣ አራት ሜትር ስፋት፣ አንድ ሜትር ከአርባ ጥልቀት ቢኖረው ወደ 45,000 ሊትር ይይዛል። በቢጫዋ ጀሪካን ከ2,200 በላይ መሆኑ ነው። በበጋ ፀሐይ በቀን አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ቢተንን 160 ሊትር፣ ማለትም ስምንት ጀሪካን፣ ማንም ሳይጠጣው ማንም ሳይታጠብበት በየቀኑ ወደ ሰማይ ያርጋል። ስምንት ጀሪካን ቀድተው ሽቅብ የተሸከሙ ሰው ዋጋውን ያውቁታል። ገንዳው ውስጥ ደግሞ ሁለት ሰዎች በቀን ለሃያ ደቂቃ ይገባሉ። ከሃያው አሥራ አምስቱ ለፎቶ ነው።

ውሃው ከየት ይመጣል? ብዙዎቹ ቪላዎች ጉድጓድ አስቆፍረው ከከርሰ ምድር በፓምፕ ይስባሉ። በደቡቡ ጠረፍ ከመሬት በታች ያለው ውሃ በተመጠጠ ቁጥር የባሕር ጨው በቦታው እየሰረገ መግባቱን የሚያጠኑ ሰዎች ደጋግመው ተናግረዋል። እሱም ቢሆን በጎ ጎን አለው። እንግዳው ወደ ባሕሩ አልሄድም ካለ ባሕሩ ራሱ በጉድጓዱ በኩል ይመጣለታል።

ባሊዎች በውሃ ነገር ኋላ ቀር ነበሩ፤ ይህን ሳይሸሽጉ መናገር ይገባል። ቢያንስ ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሱባክ የሚሉት ማኅበር አላቸው። ከአንድ ቦይ የሚያጠጡ ገበሬዎች ሁሉ አባል ናቸው። ተሰብስበው ይመክራሉ፣ ቦዩን አብረው ይጠርጋሉ፣ ተራ ይደለድላሉ። መሪያቸው ፔካሴህ ይባላል፤ በእኛ የመስኖ አገር የውሃ አባት የምንለው ዓይነት ሰው ነው። ከላይ ያለው ገበሬ ውሃውን ለታችኛው ይለቃል፣ ታችኛው ደግሞ ከላይኛው ጋር በአንድ ወቅት ይዘራል፣ በአንድ ወቅት ማሳውን ያሳርፋል። አገሩ በሙሉ አብሮ ሲያርፍ ተባዩ የሚበላው አጥቶ ያልቃል። የላይኛው ገበሬ ውሃ የሚለቀው ከጽድቅ ብቻ አይደለም፤ የታችኛው ገበሬ ካልተስማማ ተባዩ ሽቅብ ይመጣበታል። የመዝሪያና የማረፊያውን ቀን የሚወስኑት የውሃ ቤተ መቅደሶች ናቸው፤ የሁሉም የበላይ ባቱር ሐይቅ አጠገብ ያለው ኡሉን ዳኑ ባቱር ነው። ሕዝቡ ሂንዱ ነው፣ ሃይማኖቱ ግን «አጋማ ቲርታ» ተብሎም ይጠራል። በእኛ ቋንቋ የጠበል ሃይማኖት እንደማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባለሙያዎች መጥተው ይህን ኋላ ቀርነት ሊያስተዉ ሞክረው ነበር። አዲስ የሩዝ ዘርና ማዳበሪያ ተሰጠ፤ የቤተ መቅደሱን ቀን አትጠብቁ፣ ሁላችሁም በተቻላችሁ ፍጥነት ደጋግማችሁ ዝሩ ተባለ። የውሃ ሽሚያ ተነሣ፣ ተባዩም አገር ወረረ። በኋላ ስቲቨን ላንሲንግ የተባለ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ከሥነ ምኅዳር ሊቁ ከጄምስ ክሬመር ጋር ሆኖ ነገሩን በኮምፒውተር ሲያሰላው ካህናቱ ያወጡት የቀን ቀመር ልክ ሆኖ ተገኘ። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2012 ሱባክን በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ጠበል በኮምፒውተር ሲረጋገጥ እኔ ሌላ ቦታ አልሰማሁም።

ይህን የሺህ ዓመት ጣጣ ቪላው በአንድ ፓምፕ ገላገለው። ስብሰባ የለም፣ ተራ የለም፣ የውሃ አባት የለም። ማብሪያውን መጫን ነው። ከታች ያለው ገበሬ ቦዩ ቢደርቅበትስ? ማሳውን ያከራያላ! በኢንዶኔዥያ ሕግ የውጭ አገር ሰው መሬት በባለቤትነት አይዝም፤ ለ25 ወይም ለ30 ዓመት ይከራያል። ገበሬው ርስቱን አላጣም ማለት ነው። ኪራዩ ሲያልቅ የልጅ ልጁ መጥቶ ገንዳውን ይረከባል።

ስለ አጥሩም አንድ ነገር ልንገርዎ። የባሊ ባህላዊ ቤት ግቢ በግንብ የታጠረ ነው። ከበሩ ኋላ ደግሞ አሊንግ አሊንግ የሚባል አጭር ግድግዳ ይቆማል፤ እርኩስ መንፈስ ቀጥ ብሎ እንጂ ታጥፎ መሄድ አይችልም ስለሚባል እዚያ ተጋጭቶ ይመለሳል። ለብዙ ዘመን በደንብ ሠርቷል። ኋላ ግን መታጠፍ የሚያውቅ እንግዳ ሻንጣውን እየጎተተ መጣ። ዛሬ ቪላዎቹ የተቀረጸውን በር፣ የድንጋይ ሐውልቱን፣ የሣር ክዳኑን ሁሉ ወስደዋል፤ የቀረ ቢኖር በግቢው ጥግ ያለው የቤተሰብ ጸሎት ቤትና ቤተሰቡ ነው።

እይታውስ? ማስታወቂያው ላይ ገንዳው ዳር የለውም፤ ውሃው ከአረንጓዴው የሩዝ ማሳ ጋር የተያያዘ ይመስላል። እንግዳው የሚከፍለው ለዚህ ነው። ችግሩ ጎረቤትም ማስታወቂያ ያነብባል። በሚቀጥለው ዓመት ማሳው ላይ የሁለተኛው ቪላ ግንብ ይቆማል፣ ሁለተኛው በተራው ወደ ሦስተኛው ማሳ ይመለከታል። ቪላ በበዛበት ሠፈር የመሬት ዋጋ ይንራል፣ ከዋጋው ጋር ግብሩም፤ ሩዝ ብቻ የሚያመርት ሰው ያን ግብር ከየት አምጥቶ ይከፍላል? ይለቃል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ከባድ ዝናብ ወርዶ ጎርፉ ከአሥር በላይ ሰዎችን ገደለ። በየቦዩ ከተወተፈው ቆሻሻ ጋር ወደ ሕንፃ የተለወጠው ማሳም ተወቀሰ፣ የደሴቲቱ ገዥም ከእንግዲህ በእርሻ መሬት ላይ ሆቴልና ምግብ ቤት አይፈቀድም አሉ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የምንለው ለወንዝ ነበር። ለገንዳም ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ትሪው ልመለስ። ትሪውን ገንዳው ዳር ተንበርክኮ ቀስ አድርጎ የሚገፋው ልጅ ስሙ ኬቱት ሊሆን ይችላል። ባሊዎች ለልጆቻቸው ስም የሚያወጡት በአወላለድ ተራ ነው፦ ዋያን፣ ማዴ፣ ኞማን፣ ኬቱት፤ አምስተኛው ላይ እንደገና ዋያን ይሆናል። እንግዳው አገሩ ሲመለስ «ዋያን የሚባል ጓደኛ አለኝ» ይላል። ባሊ ሄዶ ዋያን የሚባል ሰው ያላጋጠመው የለም። እንግዳው ሕዝቡ ደግ ነው፣ ሁልጊዜ ፈገግ ይላል ብሎ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2025 የደሴቲቱ ዝቅተኛ የወር ደመወዝ ወደ 3 ሚሊዮን ሩፒያ፣ ከ200 ዶላር በታች ነበር። ከውዶቹ ቪላዎች በአንዱ ሁለት ሌሊት ማደር የዋያንን ግማሽ ዓመት ይበላል። ፈገግታው በዚያች ደመወዝ ውስጥ የተካተተ ነው፣ ለብቻው አይከፈልበትም።

«ቢሆንም ሥራ ፈጥሯል» የሚል ይኖራል፤ የአክስቴ ልጅም ይህንኑ ብላኛለች። እውነት ነው። ሥራው ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2020 ታየ። በኮሮና ጊዜ አውሮፕላን ሲቆም የባሊ ኢኮኖሚ በዚያ ዓመት ከ9 በመቶ በላይ አሽቆለቆለ። ብዙ አስተናጋጅና ሾፌር ወደ ቤተሰቡ ማሳ ተመለሰ፣ በባሕሩ ዳርቻ የሚኖረው የባሕር ሣር ወደማልማት ገባ። ማሳው ገንዳ የሆነበትስ? ገንዳ አይታረስም።

እስካሁን ያልኩት አላሳመነዎት ከሆነ፣ እትዬ፣ የመጨረሻውን ይስሙ። ባሊዎች በዓመት አንድ ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ መጋቢት ውስጥ፣ ኒየፒ የሚሉት የጸጥታ በዓል አላቸው። እሳትና መብራት አይበራም፣ ሥራ አይሠራም፣ ጉዞ የለም፣ ጨዋታ የለም። አየር ማረፊያው ለ24 ሰዓት ይዘጋል፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህም የስልክ ኢንተርኔት ይቋረጣል። ሁሉም በየግቢው ይቀመጣል። ፔቻላንግ የሚባሉ የሠፈር ጠባቂዎች ባዶውን መንገድ ይዞራሉ። ይህ ሕግ ለእንግዳም ይሠራል፤ ካረፈበት ግቢ መውጣት አይችልም።

እንግዲህ ይፍረዱ። ማንም እንዳያየኝ፣ ማንም እንዳይደርስብኝ፣ ከፍ ባለ አጥር ውስጥ ብቻዬን ከገንዳዬ ጋር ልሁን ብሎ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር የከፈለ ሰው ይህን ቀን እንደ ሠርጉ ቀን መቁጠር አልነበረበትም? የተመኘውን ሁሉ አገሩ በሙሉ ተባብሮ በነጻ ሰጠው። እሱ ግን ታሰርኩ ይላል። አስቀድመው የሰሙት በዋዜማው በጀልባ ወደ ሎምቦክና ወደ ጊሊ ደሴቶች ይሸሻሉ፤ እዚያም ባለ ገንዳ ቪላ ይጠብቃቸዋል።

ለጫጉላ ባሊ ያሰባችሁ፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የኒየፒን ቀን ጠይቁ፤ በየዓመቱ ይለዋወጣል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይጀምርና በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ያበቃል። በዚያ ቀን ቁርስ የሚቀርበው ጠረጴዛ ላይ ይሁን ገንዳ ውስጥ አላጣራሁም፤ እትዬ ግን ጠይቅልኝ ብለውኛል።