ሣጥኑ ይተንፍስ!

የሳብውፈር ሣጥን በቤቱ ሊሠራ ያሰበ ሰው መጀመሪያ መጣል ያለበት ሜትሩን ነው። የሰፈራችን ባለሙያ ስፒከሩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አንድ ዓይኑን ጨፈን ያደርግና «ለዚህማ ይቺን የምታክል ትበቃዋለች» ይላል። አለቀ። ኔቪል ቲል የሚባል አውስትራሊያዊ መሐንዲስ በ1961 እ.ኤ.አ.፣ ከእሱም በኋላ ሪቻርድ ስሞል፣ የትኛው ስፒከር ስንት ሊትር አየር እንደሚፈልግ በሒሳብ ሲያሰሉ ራሳቸውን ጎዱ። ምስኪኖች! ጭን አልነበራቸውም?

እንጨቱም ብዙ አያስጨንቅም። ፈረንጅ 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል፤ እኛ ከአልጋ የተረፈ ስስ ቺፕውድ አለን። መቼም ስስ እንጨት ደግ ነው፤ ስፒከሩ ሲመታ ስድስቱም ጎን አብሮ ይዘፍናል። በአንድ ስፒከር ዋጋ ሙሉ ባንድ!

የጥበቡ ጫፍ ግን እሸጋው ላይ ነው። ኤድጋር ቪልቹር በ1954 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ስፒከር ሣጥኑ ጥርቅም ተደርጎ የተዘጋ ነበር፤ ውስጥ የታፈነው አየር እንደ ሞላ ሆኖ የስፒከሩን ወረቀት ወደ ቦታው ይመልሰዋል። የእኛ ሰው አየር ማሰር ግፍ ይመስለዋል። ኮላውን ለስሙ ያህል ጠብ ያደርጋል፣ ሚስማር በሚስማር ላይ ይመታል፣ ለሽቦው አውራ ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ ይበሳል። ሲሊኮን? እሱ ለመታጠቢያ ቤት ነው። ከዚያ ከላይ እስከ ታች ምንጣፍ ያለብሰዋል፤ ምንጣፍ የማይሸፍነው ኃጢአት የለማ!

የስፒከሩን ወረቀት በመዳፍ ቀስ ብሎ ገፍቶ መልቀቅ የሚባል ፈተና አለ። ዘግየት ብሎ ከተመለሰ ሣጥኑ ታሽጓል፤ ወዲያው ከተመለሰ አየር ያስወጣል። እባካችሁ ለባለሙያችን እንዳትነግሩት፣ ደስታውን ትነጥቁታላችሁ። በየስንጥቁ «ፍስስ» የሚለውን ሲሰማ «የባሱ ጉልበት ነው» ብሎ ያምናልና።

የስፒከር ጀርባ ከፊቱ ተቃራኒ ነው፤ ፊቱ አየሩን ሲገፋ ጀርባው ይስባል። ቀዳዳው ሲበዛ ሁለቱ ይገናኙና ባሱን ያጠፋሉ። ባሱ ሲጠፋ ባለሙያው ሣጥኑን አይጠረጥርም፤ አምፕሊፋየሩን ይጠረጥራል። ለአንድ ቱቦ ሲሊኮን የሳሳው እጁ፣ «1000 ዋት» የሚል ወረቀት ለተለጠፈበት አምፕሊፋየር እንደ ንጉሥ ይዘረጋል። ሰማያዊ መብራትም አለው፤ መብራት ባስ እንደሚጨምር ማን ያውቅ ነበር?

እዚህ ላይ ሰፈሩም የድርሻውን ያዋጣል። የ40 ሄርትዝ ባስ አንዱ ሞገድ ብቻ 8 ሜትር ተኩል ገደማ ስለሚረዝም በጭቃ ግድግዳ «ተመለስ» አይባልም። ጎረቤት ቤት ገብቶ ቆርቆሮውን ያንቀጠቅጣል፣ ቡፌ ውስጥ የተደረደረውን ብርጭቆ እስክስታ ያስመታል። ደግነቱ ቆርቆሯችን ጥሩ ተደርጎ የተመታ ነው፤ አንዳንዴ ዋናው ሣጥን የእኛ ቤት ሳይሆን አይቀርም እላለሁ።

ባለፈው እሑድ አንድ አባት ከዘራቸውን ይዘው ወጡና ባለሙያውን «አንተ ልጅ፣ ጣራው ሊወርድብን እኮ ነው!» አሉት።

«አዩ አባባ፣ ይመታል አይደል?» አላቸው፣ ፊቱ በደስታ በርቶ።

ይኸው ሁለተኛውን ሣጥን ጀምሯል። እንጨቱን ከየት እንዳመጣው የጠየቀው የለም፤ የግቢያችን ሽንት ቤት በር ግን ከትናንት ማታ ጀምሮ የለም።