የይፋት ቆላ ገጣሚያንን ኑሮ ለመደንገግ የወጣ የፌዝ አዋጅ

ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው አሰማ!

ከጣርማበር ቁልቁለት ግርጌ እስከ አጣዬ ሽንኩርቱም ማሾውም በሚዛን ሲሸጥ ግጥም ብቻ በጭብጨባ የሚወሰድ ሆኖ በመገኘቱ፤

ዓፄ ዓምደ ጽዮን የይፋቱን ሱልጣን ሰብረዲንን መውጋታቸው በዜና መዋዕል ሲጻፍ፣ ካሉን የአማርኛ ጽሑፎች ቀደምት የሚባሉትን ግጥሞች ለንጉሡ የገጠሙት ሰዎች ስም ግን ሳይጻፍ በመቅረቱ፤ ጉዳዩም ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በእንጥልጥል ያለ በመሆኑ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርእስ
ይህ አዋጅ “ግጥምን በነፃ የማስባል ልማድ ማስቀሪያ አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ረዘመ የሚል ቤት ያስመታው።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ
“ገጣሚ” ማለት ቀን የሚያስተምር ወይም ወረዳ የሚሠራ፣ ማሾ ሸጦ ወይም ዕቁብ ደርሶት መጽሐፍ የሚያሳትም፣ የታተመውንም ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጭኖ ሸዋ ሮቢት የሚያወርድ ሰው ነው። ማተሚያ ቤቱ ደንበኛዬ ይለዋል፤ መጽሐፍ ሻጩ “እስኪ በሚቀጥለው ወር ብቅ በል” ይለዋል።
“አሳታሚ” ማለት ራሱ ነው።

አንቀጽ 3። ስለ ስብሰባ
ለነገ ጠዋት ስብሰባ ዛሬ ማታ ደውሎ ስለ ችግኝ ተከላ የሦስት ደቂቃ ግጥም የሚያዝ ኃላፊ፣ ለታሸገ ውሃ ያጸደቀውን ያህል በጀት ለግጥሙም ያጸድቃል።

አንቀጽ 4። ስለ ዘመድ
የአጎት ልጅ፣ አበልጅና ጎረቤት የመጽሐፉን ዋጋ እንደ ባዳ ይከፍላሉ። “እኔንም በብር?” ማለት ክልክል ነው።

አንቀጽ 5። ስለ ፒዲኤፍ
አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲወጣ የደራሲን መብት አስቦ የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደንግጎ ነበር። ይህ ቅጣት ፒዲኤፍ በቴሌግራም በሚቀባበሉ የግጥም አፍቃሪዎች ላይ ቢፈጸም የሸዋ ሮቢት ማረሚያ ቤት በሳምንት ይሞላል። ገጣሚው በዚህ ቅሬታ የለውም፤ ሥራ የፈታ አንባቢ በአንድ ግቢ ተሰብስቦለት አያውቅምና። ነገር ግን በመጠየቂያ ቀን መጽሐፉን ይዞ ቢሄድ “አንብበነዋል” ብለው እንደሚመልሱት ስለሚታወቅ፣ ቅጣቱ አንድ ቅጂ በመግዛት ተለውጧል።

አንቀጽ 6። ስለ ምሳ
ያው አዋጅ የገጣሚውን መብት ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ወራሾቹ ደስ ይበላቸው። በቁሙ ምሳውን የሚጠብቅ አንቀጽ ስላልተገኘ፣ የሰንበቴ ገበያ ምግብ ቤቶች መጽሐፉ እስኪሸጥ በዱቤ ያበሉታል።

አንቀጽ 7። የተሻሩ አባባሎች
“ለጥበብ ፍቅር እንጂ ለገንዘብ ብለህ ነው እንዴ?” የሚለው አባባል፣ በተለይ ደመወዝተኛ ሲናገረው፣ ተሽሯል።

አንቀጽ 8። አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። የማሳተሚያውን ወጪ ገጣሚው ይሸፍናል።