የጫግኒ ደረቅ ወደብ ፎቶ መነሻ ቦታዎችን ለመወሰን የወጣ አዋጅ

ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ሀገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር ያጣች በመሆኑ፤ ሞጆ ግን አንድ ማንኪያ የባሕር ውኃ ሳይኖራት «ደረቅ ወደብ» ተብላ ኮንቴይነር የምትደረድር በመሆኑ፤ ከእንጅባራ ወደ ግልገል በለስና ጉባ የሚወርደው መንገድ በከተማችን የሚያልፍ በመሆኑ፤ ጫግኒ ከሞጆ የምታንስበት ምክንያት ተፈልጎ ስላልተገኘ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። በዚህ አዋጅ «ባሕር» ማለት የድሮ ፎቶ ቤት መጋረጃ ነው። ሰማያዊ የተቀባ፣ ሁለት ዘንባባ ያለበት፣ መርከቡ ከዘንባባው የሚያንስ፣ ጫፉ ተጠቅልሎ የሲሚንቶው ወለል የሚታይበት። ከፊቱ የፕላስቲክ አበባ ታቅፎ፣ ገመዱ የትም ያልተሰካ የስልክ እጀታ ጆሮው ላይ ለጥፎ የተነሳ ሰው በሕግ ፊት ባሕር እንደተሻገረ ይቆጠራል።

አንቀጽ 2። ዶንዶር ፏፏቴ የወደቡ ዋና በር ተብሎ ተሰይሟል። በቀትር ሄዶ አረፋው እንደ ታጠበ አንሶላ የነጣበትን ፎቶ ይዞ መመለስ ክልክል ነው። ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ይኬዳል፤ ፍንጣቂው ስለማይምር ሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ ይያዛል። ክረምቱ ሲወጣ ውኃውም ሞልቶ፣ ሣሩም ለምልሞ ይገኛል። በሚያዝያ አጋማሽ በቀትር ፀሐይ አናት ላይ ስለምትቆም ዓይን ሁሉ ጉድጓድ ይሆናል፤ በዚያ ሰዓት የተነሳ ሰው «ታምሜ ነበር» ብሎ ማስተባበል ይችላል።

አንቀጽ 3። መጋረጃውም ፏፏቴውም ያልበቃው ዘንገና ሐይቅ ይሂድ። ጀልባ ስለሌለን የአዊ ፈረስ በጀልባ ምትክ ያገለግላል። ሆኖም ጥር 23 ቀን በፈረሰኞች በዓል ላይ ጭራ ብቻ አንስቶ «አዊ ዞን» ብሎ የለጠፈ፣ በሚቀጥለው ዓመት ጭንቅላቱንም ጨምሮ እንዲያነሳ ይገደዳል።

አንቀጽ 4። «ከተማችንን አስተዋውቁልን» ከሚል ባነር ሥር ካሜራ ያወጣ ሰው «ከየት መጣህ? ማን ፈቀደልህ?» መባሉ አይቀርም። በስልክ የሚያነሳው ግን ቀኑን ሙሉ ቢያነሳ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ስለዚህ እንግዳ ሁሉ ካሜራውን «ትልቅ ስልክ» ብሎ እንዲያስመዘግብ ተፈቅዷል። (ይህን አንቀጽ ያረቀቀው ኮሚቴ የተበተነው የቡድን ፎቶ ተነስቶ ነው፤ በስልክ።)

አንቀጽ 5። ገበያ ላይ የተቀመጡ እናት «እማማ፣ ላንሳዎት?» ሳይባሉ አይነሱም። ፎቶ አንሺ ሁሉ «እልክልዎታለሁ» ይላል፤ ሲልክ የታየ ግን የለም። ከእንግዲህ ያነሳ ሰው አሳጥቦ በእጃቸው ያስረክብ፤ ይህ አንቀጽ ፌዝ አይደለም።

አንቀጽ 6። ይህ አዋጅ መብራት መጥቶ የካሜራው ባትሪ ከሞላበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል።